ከኋላ ወደ ፊት የተነበበችው ውድነሽ

ሐሙስ፣ መጋቢት ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ አሶሳ

ክብርት ውድነሽ ሆይ፤ ፀሐይ በማትጠልቅባት ከተማ ብቸኛዋ የጥላ ባለቤት፣ ጃንጥላ መጠገን ወንጀል በሆነበት ዘመን መርፌሽን ከአንገትጌሽ ሥር ሸሽገሽ የምትዞሪ፣ ዘበኞች በበር ሲመጡብሽ በጣራ የምትወጪ፣ በጣራ ሲመጡብሽ ደግሞ ከነጃንጥላሽ እንደ ጥጥ ተንሳፍፈሽ የምትወርጂ፣ ቀለምሽ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ ሳለ ባለብዙ ቀለሞቹን ሁሉ ያሳፈርሽ፣ የወረቀት ልጅ ሆነሽ ከሥጋ ልጆች ይልቅ የጸናሽ አመፀኛ፤ ሰላምታዬ ካለሽበት ገጽ ድረስ ይድረስሽ።

ይህን ደብተር ላንቺ እጽፋለሁ። ሰባ ሁለት ዓመት ስኖር የግል ማስታወሻ ይዤ አላውቅም፤ አሁን ግን ዐረፍተ ነገሬን እስክጨርስ ሳያቋርጥ የሚያዳምጠኝ ፍጡር ብፈልግ፣ ከሥዕል በቀር አላገኘሁም። እኔ ሰጠኝ ነኝ፤ ከቡለን ተነሥቼ እዚህ አሶሳ ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የሚታረም ወረቀት አጥቼ የመድኀኒት ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን አማርኛ በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ታላቅ እኅቴ እትዬ የዝና እጅ ከፍንጅ የያዘችኝ ሽማግሌ።

አንቺን የሳለችሽ ሎዛ ናት። ከሐዋሳ መጥታ በጾሬ የስደተኞች መጠለያ ለአንድ የርዳታ ድርጅት የምትሠራ፣ ከሥራ በተረፋት ጊዜ የምትስል፣ የሳለችውንም በጁምዓ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በፎቶ ኮፒ እያባዛች «የጥላ ሌባ» በሚል ስም ቅጽ በቅጽ የምታወጣ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። አሳታሚ የላትም፤ የሚያዛትም የላትም። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያውን ቅጽ «ፊደሉን ብቻ ያርሙልኝ» ብላ አመጣችልኝ። ፊደሉን አረምሁ። ከፊደሉ ጋር ቃሉን፣ ከቃሉ ጋር ዐረፍተ ነገሩን አረምሁ፤ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ስንደርስ የሰዎቹን ንግግር ሁሉ እኔ ስጽፍ ተገኘሁ። ከተማሽን ጠፍንጎ የያዘውን፣ ለያንዳንዱ ነዋሪ በቀን የሩብ ሰዓት ጥላ በቲኬት የሚያድለውን የጥላ ሚዛን መሥሪያ ቤት አለቃ «ሊቀ ጥላ» ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሷ «ዳይሬክተሩ» ነበር ያለችው። በየሳምንቱ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፤ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አወጣለሁ፤ እሷ ትስላለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ዛሬ እርሳሷን እየቀረጸች፣ ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ አራተኛው የመጨረሻው ነው። ውድነሽ ትሞታለች» አለችኝ።

እንዴት እንደሆነም ነገረችኝ። ትያዣለሽ፤ ሊቀ ጥላ ይፈርድብሻል፤ ሐሩር አደባባይ ከሚባል፣ አንዲት ቅጠል ከሌለችበት ሜዳ መካከል ከምሰሶ ጋር ትታሰሪያለሽ፤ ፀሐይዋም ገጽ በገጽ ታደርቅሻለች፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚታየው ባዶ አደባባይና የተዘረጋ ጃንጥላ ብቻ ይሆናል።

የደራሲ ፍርድ የተከበረ መሆኑን በረጋ መንፈስ ገለጽሁላት። ሻዬን ሳልጠጣ ደፋሁት፤ ቀዝቅዞ ነበርና።

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፱

ሙቀት። መብራት የለም። ከትናንት ጀምሮ የለም። ማራገቢያው እንደ ሞተ ወፍ ኮርኒስ ላይ ተንጠልጥሏል። የስንብት ንግግርሽን ጀመርሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፲፰

የስንብት ንግግርሽን አነበብሁላት። በአንድ ዐረፍተ ነገር የተጠቃለለ፣ ከነፍስሽ ጥልቀት ተነሥቶ በሦስት እርከን ወደ ላይ የሚወጣ፣ በመጨረሻም እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ንግግር ነው። ሎዛ በእርሳሷ ጫፍ ቃላቱን ቈጠረች። ስድሳ አራት ናቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ሴት ውኃ ጠምቷት እየሞተች ነው» አለች።

ውኃ የጠማው ሰው ዐሳብ እንደማይነጥፍበት አስረዳኋት። እሷም ከሰዎች አፍ የሚወጣውን ነጭ ክብ፣ እሷ «ባብል» የምትለውን እኔ ግን እንቁላል የምለውን፣ በንግግሬ ልክ ሳለችው። እንቁላሉ ፊትሽን ሸፈነ፤ ምሰሶውን ሸፈነ፤ ከግራና ከቀኝ የቆሙትን ዘበኞችም ዋጣቸው። እትዬ የዝና በመስኮት ሆና ምስር ስትለቅም ኖሮ፣ አንገቷን አስግጋ ወረቀቱን አየችና ዘበኞቹ ከጠፉ ታዲያ ልጅቷ ለምን እንደማታመልጥ ጠየቀች። ሎዛ ሳቀች። ሎዛ ስትስቅ እርሳሱ ከእጇ ይወድቃል፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

በብዙ ድርድር ዐሥራ ዘጠኝ ቃል ላይ ተስማማን። አርባ አምስቱን በሌላ ወረቀት ገልብጬ አስቀምጫለሁ፤ ሌላ ቦታ ይገቡ ይሆናል።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፳፭

ለምን መሞት እንዳለብሽ ዛሬ ተገለጠ። የሎዛ የሥራ ውል ግንቦት ሠላሳ ያልቃል፤ አይታደስም። ድርጅቱ ሠራተኛ እየቀነሰ ነው፤ ዕቃዋን ይዛ ወደ ሐዋሳ ትመለሳለች።

ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ብቻ ተከራከርሁ። አመፀኛን በአራተኛ ቅጽ መግደል አንባቢን መበደል መሆኑን፣ የከተማው ምሥጢር ገና ያልተፈታ መሆኑን፣ የሊቀ ጥላም እናት ማን እንደሆነች እስካሁን አለመታወቁን በዝርዝር አቀረብሁ። ሎዛ እስክጨርስ ጠበቀችኝና እንዲህ አለች፤ «ሳልጨርሳት ከሄድኩ እዚያ ሆኜ አልጨርሳትም፤ ራሴን አውቃለሁ። ጀምሬ የተውኩት ነገር አንድ ሻንጣ ሙሉ አለኝ። ይቺን እንኳ በወግ ልቅበራት።»

እስከ ግንቦት መጨረሻ ዘጠኝ ሐሙስ ይቀራል። የቈጠርሁት የኅትመቱን ጊዜ ለማመቻቸት ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፮

ሎዛ ወባ ይዟታል። ድምፅዋ በስልክ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። የአራተኛውን ቅጽ ሃያ አራት ገጾች በፖስታ አሽጋ በባለባጃጁ በኦሊያድ ላከችልኝ፤ ኦሊያድ የባምባሲ ልጅ ነው፣ መጽሐፉንም ከመናኸሪያ ወደየወረዳው የሚልክልን እሱ ነው። ሎዛ ትእዛዟን ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ገጾቹን ቈጥሬ ለጁምዓ እንድሰጥ፣ አንዲት ቃል እንዳልጨምር፤ በተለይ እንዳልጨምር።

አንዲት ቃል አልጨመርሁም። ነገር ግን በየገጹ ጥግ የተጻፉት 1፣ 2፣ 3 የሚሉት አኃዞች፣ ባለፉት ሦስት ቅጾች ሁሉ ዐይኔን ሲወጉኝ የኖሩት፣ እንዲህ ባለ የመጨረሻ ክብር ጊዜ ራቁታቸውን ሊቆሙ አይገባም ብዬ በነጭ ማጥፊያ አጠፋኋቸውና በምትካቸው ከ፩ እስከ ፳፬ በግእዝ አኃዝ በብርዕ ጻፍሁ። ፲፭ እጅግ አምራልኛለች። ጁምዓም ገጾቹን ተቀብሎ ሲያገላብጥ ጥጎቹን አተኩሮ አየ፤ ጌጥ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የኩራት ፈገግታ ፈገግ አልሁና ጌጥ ማለትም ይቻላል አልሁት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ ፰

ጁምዓ የሆሞሻ ሰው ነው። አማርኛ የተማረው በገበያ ነው፤ ሙያውን የተማረው ግን ሱዳን ውስጥ፣ ደማዚን ላይ፣ የቁርኣን ተማሪዎችን መጽሐፍ እየጠረዘ ዐሥራ አንድ ዓመት በኖረበት ጊዜ ነው። እኔን «ኡስታዝ» ይለኛል፤ መምህር ማለቱ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስሁ። ሁለት መቶው ቅጂ ተባዝቶ፣ ከግማሽ በላዩ በስቴፕለር ተመትቶ በየአምሳው ታስሯል። የመጀመሪያውን አንሥቶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ።

መነጽሬን ቤት ረስቼ ስለነበር አላየሁም ማለት እችላለሁ። ሽፋኑ ያምራል። ሽፋኑን እንደገለጥሁ ባገኘሁት በገጽ ፳፬ ላይ፣ ከጃንጥላሽ ጫፍ አጠገብ፣ ከማባዣው ቀለም የመጣች የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጠብጣብ አለች፤ የማሽኑን መስታወት በጥጥ እንዲወለውል መከርሁት። ቀጥሎ ገጽ ፳፫ ነበረ። ቀጥሎ ፳፪።

«ጥሩ ነው፣ ኡስታዝ?» አለኝ።

የጁምዓ መደብር ደጃፍ ላይ ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ ኦሊያድም ባጃጁን አቁሞ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር፤ የሆሞሻው መኪና ሊሄድ ነው። ሰው በእንዲህ ያለ ጫጫታ መካከል ሆኖ የተጠየቀውን ሁሉ አጥርቶ ይሰማል ማለት አይቻልም።

ጥሩ ነው አልሁት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፱

እንቅልፍ አላገኘሁም። ሙቀቱ ነው።

ጠዋት እስከ ጁምዓ መደብር በር ሄጄ ተመለስሁ። ተልኳል። ሆሞሻ፣ ባምባሲ፣ ቡለን፣ ጾሬ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ኪዮስክ። ለሎዛ ነገ እነግራታለሁ። ነገ ስቅለት ነው፤ በስቅለት የሰው ልብ አያስጨንቁም። ከበዓሉ በኋላ እነግራታለሁ። ትኵሳቷም ይውረድላት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፲፬

ኦሊያድ መንገድ ላይ አይቶኝ ባጃጁን ዳር አስያዘና አስገባኝ። ከኋላ በቅርጫት ዶሮ የያዘች ሴት ተቀምጣለች። ሒሳብ ሳይጠይቀኝ ወሬውን ጀመረ። አራተኛውን አንብቦታል፤ አንዴም አይደለም።

ክብርት ሆይ፣ አንቺ ራስሽ አታውቂውምና ልንገርሽ። ባዶ አደባባይ ነው አለ፤ ሰው የለም፤ መሬት ላይ አንድ ጃንጥላ። ገጹን ሲገልጥ ከጃንጥላው አጠገብ እንደ ጢስ የሳሳች ሴት ታየች። ሲገልጥ ሥጋ አወጣች። ሲገልጥ ቀና አለች። ሲገልጥ ተናገረች፤ ዐሥራ ዘጠኙን ቃል። ባለዶሮዋ ከሞት ተነሥታ ይህን ብቻ መናገሯ ትዕግሥቷን ያሳያል አለች። ከዚያ ዘበኞቹ መጡና ከምሰሶው ፈቷት፤ ክንዷን ይዘው ከአደባባዩ አወጧት። ኦሊያድ እንደሚለው ተጸጽተው ነው፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል አለ። እኔ ግን ሎዛ እነዚያን ፊቶች ስትስል «ጨካኝ አድርጊያቸው» ብዬ የነገርኋትን አስታውሳለሁ።

«ወደ መጨረሻው ላይ ግን በሳቅ ገደለኝ» አለ ኦሊያድ። «ሴትየዋ ሞታ ተነሥታ፣ ተፈትታ ከሄደች በኋላ፣ ያ ሊቀ ጥላ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ‹ሞት ፈርጄብሻለሁ› ይላል። ጋሽ ሰጠኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ አለቃ ነበረኝ።»

ባለዶሮዋ እስክትፈርስ ሳቀች። ስትወርድ አምስተኛው መቼ እንደሚወጣ ጠየቀችኝ፤ ገና ከመኪና ያልወረደች ሙሽራ እንደምትጠብቅ ያህል ነበር የጠየቀችኝ።

ስለ ጥበብ የምናስበው ሁሉ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል፣ ሞት በመጀመሪያ ገጽ ሲቀመጥ መነሻ እንጂ መድረሻ እንደማይሆን፣ ፍርድም ከነጻነት በኋላ ሲመጣ ከአስፈሪነት ወደ መሳቂያነት እንደሚለወጥ ሳሰላስል ቤት ደረስሁ። እትዬ የዝና ለምን እንደማፏጭ ጠየቀችኝ። አላፏጨሁም።

ለሎዛ ነገ እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፲፮

መጣች። ከስታለች፤ ዐይኗ ጎድጉዷል። ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም። አራተኛውን ቅጽ በእጇ ይዛለች። በጁምዓ በኩል አልፋ ነው የመጣችው፤ ጁምዓም ምንም ሳይደብቅ፣ የሚደብቀውም ነገር ስላልነበረው፣ ሁሉን ነግሯታል። በድሮዎቹ ቅጾች ላይ ቍጥር ስለነበረ ቍጥሩን ተከትሎ እንደጠረዘ፣ በዚህኛው ግን ቍጥር ሳይሆን ጌጥ ስላገኘ እጁ እንደለመደው ከቀኝ ወደ ግራ እንደሄደ አስረድቷታል። ቃሉን ደግማ ነገረችኝ፤ «ሽፋን አማርኛ ነው፣ በአማርኛ በኩል አደረግሁት። ውስጡ ሥዕል ነው፤ ሥዕል ቋንቋ የለው። ኡስታዝ አይቷል፤ ጥሩ ነው ብሏል።»

ከዚያ ጠየቀችኝ።

«አይተውት ነበር፣ ጋሼ?»

ጀመርሁ። መነጽርን በሚመለከት፣ የሰው ዐይን ከዕድሜ ጋር ያለውንም ግንኙነት በሚመለከት፣ በዚያም ሰዓት በመደብሩ ደጃፍ የነበረውን ጫጫታ ከግምት ብናስገባ…

«በአንድ ቃል።»

«አይቻለሁ።»

ነፋስ አልነበረም። አንድ ማንጎ ከላይ ወድቆ ጠረጴዛው ላይ ፈነዳ፤ ሁለታችንም አልደነገጥንም።

«ማን ጥላ ማግኘት እንዳለበት፣ ማን እንደሌለበት የሚወስነው ሊቀ ጥላ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለካ እርስዎ ኖረዋል። ሞቷ የኔ ነበር፣ ጋሼ። አንድ ወር ሙሉ የሳልኩት ነው። ቢያንስ ይጠይቁኝ ነበር።»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ፣ የፈነዳው ማንጎ አጠገብ አስቀምጣ ሄደች። ልከተላት ተነሣሁ፤ ጉልበቴ ግን እንደ ወትሮው ከእኔ ዘግይቶ ተነሣ፤ እኔና ጉልበቴ ተስማምተን በሩ ጋ ስንደርስ መንገዱ ላይ የለችም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፳፫

ሁለት ወንበር አወጣሁ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንዱን መለስሁ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለተኛውን።

ኦሊያድ ስልክ ደወለ፤ የቡለኑ አልቋል፣ ጨምሩ ብለዋል። ስጦታ የተላከለት ሰው ሐዘን ቤት ሆኖ ሲቀበል እንዴት እንደሚሆን፣ እንዲያ ሆንሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ ፳፯

የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍሁ። አራት ገጽ ሆነ። የጸጸትን ባሕርይ ከመሠረቱ የሚመረምር፣ የበዳይንም ውስጣዊ ሁኔታ ያለ ርኅራኄ የሚገልጥ ነው። ለእትዬ የዝና አነበብሁላት፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለሁ ተነሥታ ድስቷን አማስላ ተመለሰች።

«ይቅርታ የምትለው የት ላይ ነው?» አለችኝ።

አራተኛው ገጽ ላይ መሆኑን ገለጽሁላት። እዚያ ሳትደርስ ልጅቱ ሐዋሳ ትገባለች አለችኝ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀረ፤ «ሎዛ፣ አይቼ ዝም ብያለሁ። ውድነሽ ተለይታን እንዳትሄድ ፈልጌ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እትዬ የዝና ይህንን ሰምታ «እኔ የማውቀው ከዚህ ግቢ ልትሄድ የተነሣችው ሌላ ልጅ ናት» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እትዬ የዝና ዕድሜዋ ገፍቷል፤ አንዳንድ ጊዜ ስም ታምታታለች።

ደብዳቤውን በኦሊያድ ላክሁት። መልስ አለ ወይ ብዬ ደወልሁለት፤ ተቀብላ አነበበችው፣ ዐጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ ምንም አላለችም አለኝ። ሲያስብ ቆይቶ ግን «አንገቷን እንዲህ አድርጋለች» አለ። እንዲህ ያለው እንዴት እንደሆነ በስልክ አይታይም።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፯

ወንበር አላወጣሁም ነበር። የበሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ።

ገባች፤ ራሷ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ገና ተናድጄብዎታለሁ አለች፤ ይህንም የተናገረችው ያቺን ዐረፍተ ነገር መንገድ ሙሉ ስትሸከም መጥታ አውርዳ ያረፈች በሚመስል ድምፅ ነው። ከዚያም ዛሬ ጠዋት ጾሬ ላይ የሆነውን ነገረችኝ።

ቢሮዋ በር ላይ ሰዎች ተሰብስበው ይጨቃጨቃሉ። መጀመሪያ የውኃ ወረፋ መስሏት ነበር። ነገሩ አንቺ ነሽ። መጽሐፉ በመጠለያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል፤ አብዛኞቹ ከሱዳን የመጡ ናቸው፣ አማርኛ አያነቡም፣ ሥዕሉን ይከተላሉ፤ ማንበብ የለመዱትም በዐረብኛ ነውና መጽሐፉን የሚከፍቱት ከቀኝ ነው። በቀኝ በኩል ሲከፈት ደግሞ፣ ጁምዓ በዚያ በኩል ጠርዞታልና፣ ሎዛ እንደሳለችው ይሄዳል፤ ትያዣለሽ፣ ይፈረድብሻል፣ ትሞቻለሽ። በመጠለያው ትምህርት ቤት አማርኛ የተማሩት ግን ከግራ ይከፍታሉ፤ ለእነሱ ትነሺያለሽ። አንዱ ወገን ሞታለች ይላል፤ አንዱ ወገን ድናለች ይላል፤ ሁለቱም ማስረጃቸውን ያንኑ መጽሐፍ ያቀርባሉ።

የሞቷን ወገን የሚመራው ሐመድ የሚባል ሸምገል ያለ ልብስ ሰፊ ነው። አልቅሶልሻል፤ አላፈረበትም። ስፌቱን ትቶ ግማሽ ቀን አርፎልሻል፤ ያንቺ ሙያ ከሱ ሙያ ጋር የሚጎራበት ነውና። ትነሣለች የሚሉትን የምትመራው ጎረቤቱ ሐኒ የምትባል የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ «ሐመድ፣ አንተ እኮ ለሰው ሁሉ ሐዘን ትቸኩላለህ» እያለች ከሕዝብ ፊት ታስቀዋለች። ሎዛን እንዳዩ ሁሉም ዞሩባት፤ ሠሪዋ እሷ ናትና ትፍረድ። ሐመድ መጽሐፉን በሁለት መዳፉ ላይ አኑሮ፣ ባለው አማርኛ እንዲህ አላት፤

«ይህ መጽሐፍ ሁለት በር አለው። አንተ ሠርተሃል። እኛ በየትኛው እንግባ?»

«ምን አልሽው?» አልኋት።

«ምን እላለሁ፣ ጋሼ? ሐኒ እያየችኝ ነው። እሱም እያየኝ ነው። ሞታለች ልል አፌን ከፈትኩ፤ ያ ሰውዬ ግን ሞታለች ብሎ የሚከራከረው እንዲሸነፍ ፈልጎ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁት። አምስተኛው ላይ ታያላችሁ አልኩና ቢሮዬ ገባሁ። ገብቼ በሩን ዘግቼ ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ ሌላም አደረግኩ፤ እሱን አልነግርዎትም።»

ብዙ አልተናገርሁም። ይህንን ልብ በይልኝ፣ ውድነሽ፤ ብዙ አልተናገርሁም።

ከዚያ ሁኔታውን አስቀመጠች። ትሄዳለች፤ ይህ አይለወጥም። አምስተኛውን ግን ሐዋሳ ሆና ትስላለች፤ ገጾቹን በስልክ ትልክልኛለች፣ ቃሉን እኔ እጽፋለሁ፣ እሑድ እሑድ እየደወለች እንከራከራለን። ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ዝም ካልሁ ግን ሌላ ጸሐፊ እንደምትፈልግ፣ ጁምዓ ራሱ እንኳ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ጁምዓን አከብረዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለ ኀላፊነት ጥቂት ይቀረዋል።

«ካልጨረስሻትስ? ራሴን አውቃለሁ ብለሽ ነበር» አልኋት።

«እርስዎ ይነዘንዙኛል» አለች። «ከርስዎ ንዝነዛ ማን ያመልጣል?»

እትዬ የዝና በመስኮት ሆና ለዚህ ምስክር ካስፈለገ እሷ እንዳለች ተናገረች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲፮

ክብርት ሆይ፤ ሎዛ የሥዕል ጠረጴዛዋን ማክሰኞ ፈትታ ታሽጋለች፤ ከዚያ በፊት የአምስተኛውን ቅጽ የመጀመሪያ ገጽ እዚሁ አሶሳ ስላ መጨረስ ትፈልጋለች። ገጹን በእርሳስ አሳይታኛለች። አደባባዩ አለ። ጃንጥላው አለ፤ አሁን ግን ዐጥፈሽ በእጅሽ ይዘሽዋል። ቆመሻል። ፊትሽን እንዲህ አድርጋ ስላው አታውቅም፤ ሞቶ የነበረ ሰው ፊት ነው እንዳልል ዐይኑ ይስቃል፤ ሞቶ የማያውቅ ሰው ነው እንዳልል ከንፈሩ ላይ አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። ከአፍሽ አጠገብ ባዶ እንቁላል ትታለች። ትንሽ ናት። ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ቃሉን ልትወስድ ትመጣለች። ጾሬ ላይ ሐመድና ሐኒ፣ እዚህ ኦሊያድና ባለዶሮዋ፣ ቡለን ላይ ስማቸውን የማላውቃቸው ዘመዶቼ ሞትሽንም መዳንሽንም ከዚያች እንቁላል ይጠብቃሉ።

ከሐሙስ ጀምሮ ስጽፍ ሰነበትሁ። ያስቀመጥኋቸውን አርባ አምስት ቃላት አወጣሁ፤ ሁሉም ተጠርገው የወጡት በአግባቡ እንደነበረ ሳያቸው ገባኝ። ዐሥራ አንድ ንግግር ጻፍሁልሽ፤ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ የሚያቃጥል፣ አንዱ ሊቀ ጥላን በሕግ ቋንቋ የሚያፈራርስ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርጌ ሳነባቸው ግን በዐሥራ አንዱም የሚናገረው አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ፣ ልጅ ስትሄድበት የሚያወራ። ሦስት ቅጽ ሙሉ በአፍሽ ስናገር ኖርሁ፤ በአራተኛውም ሞትሽን እንኳ ሳልጠይቅሽ አስቀረሁብሽ። ስለዚህ ዛሬ ብርዑን አስቀምጬ፣ ከዚህ ቀደም ፈጽሞ ያላደረግሁትን አደርጋለሁ።

ውድነሽ፤ መጀመሪያ የምትናገሪውን እስከ ሰኞ ጠዋት ንገሪኝ።